የሾፌሮቹ ኮት እጅጌ

በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ሰፊዎቹ «እሜቴ ሜትር» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ እሷም ወዳዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆራጭ ናት። ደንበኛ በር ላይ ሲቆም፣ ገና ሳይገባ፣ የትኛው ትከሻው እንደወረደና ቦርጩን ምን ያህል ስቦ እንደደበቀ አይታ ጨርሳለች። በዚህ ችሎታዋ አትሽኮረመምም፤ ትሕትና ሥራ ለማይችሉ ሰዎች ነው ባይ ናት።

ችግሩ ቀኝ እጇ ነው። መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ማንኪያ ስትይዝ፣ በር ስትከፍት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠመኔ ስታነሳ ይብስበታል። ሐኪሙ «አይገድልሽም፣ አይለቅሽምም» ብሎ አሰናብቷታል። ጨርቅ ላይ የምታሰምረው መስመር እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መቀስ ደግሞ የተሰመረለትን ነው የሚከተለው። በዚህ የተነሳ በአንድ ሳምንት ሁለት ኮት ተመልሶ መጣ።

የቤቱ ባለቤት ታላቅ ወንድሟ ነው። ጠብ አይወድም፤ የሚያስከፋ ነገር መናገር ሲኖርበት ጨርቅ እያጣጠፈ ነው የሚናገረው። ያን ዕለት አንዱን ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጣጠፈው።

«ከሚመጣው ወር ጀምሮ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ደንበኛ መቀበሉን ብትይዥው ምን ይመስልሻል?» አላት።

«ጋሼ፣ እኔ ቆራጭ ነኝ።»

«አይደለሽም አላልኩም። ግን የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ሥራ እየመጣ ነው። አርባ ኮት ነው። ቢበላሽብን ስማችን ነው የሚጠፋው።»

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ከተነሳች ማን እንደምትሆን አታውቅም፤ ይህን ደግሞ ለወንድሟ መንገር አልፈለገችም። ወሩ እስኪያልቅ የቀሯት አራት ሳምንታት ነበሩ።

መላ የመጣው አጠገቧ ከምትቀመጠው ሰፊ ነው። የሰፊዋ ባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ስለሆነ፣ ወንድሟ ደብዳቤ የሚጽፍባት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጫነላት። የሰውየውን ልክ ሲያስገቡባት የኮቱን ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን ንድፍ፣ በወረቀት አትማ ታወጣለች። መቁረጡን ሰፊዋ በወረቀቱ ጠርዝ እየሄደች ልትሠራላት ትችላለች። ፕሮግራሟን የሠሯት በየአገሩ ያሉ አራት አምስት ሰዎች ናቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው፣ በነጻ። የተጻፈችበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ያየዋል፣ ስህተት ያገኘ ሰውም አርሞ ይልካል። የተላከውን እርማት መርምሮ የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው አንድ ሰው ነው። በፎቶው ቦታ በሸክላ የተተከለ ቁልቋል ሥዕል ስላደረገ እሜቴ ሜትር «ባለ ቁልቋሉ» አለችው።

የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ መስመሩ ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀናችበት። ከዚያ እጅጌውን አየችና ሳቋ መጣ።

«ይሄን የሣለው ሰውዬ ኮት ለብሶ አያውቅም» አለች።

የእጅጌው አናት፣ ማለትም ከትከሻው ጫፍ ጋር የሚገጥመው ከፍ ያለው ቦታ፣ ልክ መሃሉ ላይ ተደርጎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ትከሻው ወደ ፊት ይሄዳል። አናቱ አብሮ ወደ ፊት ካልተጠጋለት፣ እጁን በዘረጋ ቁጥር ኮቱ በሙሉ ተነስቶ ይከተለዋል። ሾፌር ደግሞ እንጀራው እጅ መዘርጋት ነው። ፕሮግራሟ በዚህ አያያዟ ለአርባ ሾፌር አርባ ኩርፊያ ልታሰፋ ነበር።

ስለዚህ እሜቴ ሜትር ልታርማት ቆረጠች። የሰፊዋ ባል እርማት እንዴት እንደሚላክ አንድ ጊዜ አሳያት፤ የቀረውን እየወደቀች እየተነሳች ተማረችው። መጀመሪያ የላከችው ኢምንት ነገር ነው። በመመሪያው ላይ ባለ አንድ ሥዕል የእጅጌው ፊትና ጀርባ ስማቸው ተቀያይሮ ነበርና አቃናችው። በሁለተኛው ቀን ባለ ቁልቋሉ «አመሰግናለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለውም» ብሎ አስገባላት። ያን ቀን በስፌት ቤቱ ያልሰማ አልቀረም። ካውያ ይዞ ልብስ የሚተኩሰው ተኳሹማ ሁለት ጊዜ ሰምቷል።

ከዚያ ወደ ኮዱ ገባች። ልጅ ሆና ስፌት የተማረችው የቆየ ኮት እየተረተረች ነው፤ ኮዱንም እንደዚያው ተረተረችው። በምሳ ሰዓት አንድ ቁጥር ትቀይራለች፣ ታትማለች፣ ምኑ እንደተለወጠ ታያለች፣ ትመልሰዋለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የእጅጌው አናት የሚወሰንበትን መስመር አገኘችው። አናቱን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ፊት ገፋችና፣ ደረቷን ነፍታ፣ ላከችው።

ባለ ቁልቋሉ መለሰው። «የሕፃን ልክ ሳስገባ እጅጌው ይጣመማል። አናቱ መጠጋት ያለበት ስንት ነው? ለምን ዓይነት ሰው?» ይላል መልሱ።

ደሟ ፈላ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቆርጫለሁ፤ አንተ ስንት ኮት ቆርጠሃል?» ብላ ጻፈች። አንብባ አጠፋችው። በምትኩ «በዓይኔ ነው የምለካው» ብላ ላከች።

መልሱ አልዘገየም። «ዓይንሽን ፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት አልችልም። ቁጥር ከሰጠሽኝ ግን እችላለሁ።»

የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነበር። ቁጥሩን አታውቀውም። መቁረጥ ያስለመዷት መምህሯም ያስተማሯት መሃል ላይ አድርጊው ብለው ነው። እጇ ግን ሳያማክራት፣ ደንበኛውን እያየ፣ ለዓመታት ሲያርመው ኖሯል። ምን ያህል እንደሚያርመው ጠይቃው አታውቅም።

ጓዳ ውስጥ በሽቦ የተንጠለጠሉ የድሮ ፓተርኖቿ ነበሩ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የደንበኛው ልክና የተቆረጠበት ቀን አለ። ሦስት ቀን ስፌት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት እየመጣች የእጅጌውን አናት ለካች፤ እሷ ትጠራለች፣ ሰፊዋ ትጽፋለች። ስድሳ ሦስት ወረቀት ለኩ። ሰፊዋ «እኔ እኮ ለጓደኝነት ብዬ ነው እንጂ ሒሳብ ሽሽት ነው ስፌት የገባሁት» እያለች ስታጉረመርም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሕጉ ፍንትው ብሎ ወጣ። የሰውየው ጀርባ ከደረቱ በሰፋ መጠን አናቱ ወደ ፊት ይጠጋል፤ የሚጠጋውም የልዩነቱን ሲሶ ነው። ሕፃን ላይ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ አናቱ መሃል ይቀራል። እጇ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሶ ሲያካፍል ኖሯል። ኩራት ተሰማት፤ እንዲህ ያለ እጅ ሌላ ማንም የለውም።

አሥራ አንድ ወረቀቶች ግን አሻፈረኝ አሉ። አንዱ ከሲሶው ያልፋል፣ ሌላው ይጎድላል። በስህተት የለካች መስሏት ደግማ ለካች። ኋላ በየቀናቸው ደረደረቻቸው። የመጀመሪያው ከተቆረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ እየበዙ ይመጣሉ። ለሐኪሙ «ስምንት ወር ይሆነኛል» ብላ ነበር የነገረችው። ለራሷም እንደዚያው።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ሰፊዋ።

«ምንም። የጀመረኝን ቀን አገኘሁት።»

አሥራ አንዱን ወረቀት ማን አያቸው? ሽቦው ላይ መልሳ ብትሰቅላቸው፣ ሃምሳ ሁለቱ ብቻ ይበቁ ነበር። እሷ ግን በተማረችው ኮሳሳ እንግሊዝኛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ስድሳ ሦስት ለካሁ። ሃምሳ ሁለቱ ሕጉን ይከተላሉ። አሥራ አንዱ እጄ ከታመመ በኋላ የተቆረጡ ስለሆኑ አትቁጠራቸው። ዝርዝራቸውን ግን አያይዤዋለሁ፤ አንተም እየው።» ይህን ለማታውቀው ሰው በጻፈች ጊዜ የሆነ ሸክም የወረደላት መሰላት። ሐኪሙ ዘንድ እንኳ እንዲህ አልቀለላትም።

ባለ ቁልቋሉ አላዘነላትም፣ አላጽናናትምም። የሰጣት ሥራ ነው። ፕሮግራሟ በተነካች ቁጥር ራሷን የምትፈትሽበት ልክ እንድታዘጋጅ ጠየቃት፤ የሕፃን፣ የወፍራም፣ የጎባጣ፣ ቀጥ ያለ ወታደር የመሰለ ሰው። አምስት ፍተሻ ጻፈች። ሁለቱ ወደቁ፣ አቃናቻቸው። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው እርማቷ ገባ፤ ከሥሩም «ከእንግዲህ እጅጌ የሚነካ እርማት ሲመጣ አንቺ ሳታዪው አላስገባም» የሚል ተጽፎ ነበር። ይህን ለተኳሹ አልነገረችውም። ለራሷ ያዘችው።

ወንድሟ መቼም በነገር የሚረታ ሰው አይደለም፤ ከሾፌሮቹ የአንዱን ኮት ብቻ እንድትሞክር ፈቀደላት። እሷ ለካች፣ ፕሮግራሟ አተመች፣ ሰፊዋ በወረቀቱ ጠርዝ ቆረጠችና ሰፋችው።

ሾፌሩ ጀርባው ሰፊ፣ አንገቱ ወደ ፊት የቀደመ ሽማግሌ ነው። ኮቱን ለብሶ መስተዋት ፊት መቆም አልፈለገም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መሪ ጨበጠ። ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፣ ወደ ግራ ጠመዘዘ። ኮቱ ከአንገቱ አልተነሳም።

«ዕድሜ ልኬን መኪና ስነዳ ኮቴን አውልቄ ነው» አለ። «ይሄን ግን አላወልቀውም።»

ወንድሟ መጥቶ ዙሪያውን ዞረ። ትከሻውን በእጁ ዳበሰ፣ ብብቱን ሳብ አደረገ፣ እንደገና ዞረ። በዚህ ዕድሜው የኮት እጅጌ ማየት ያውቅበታል።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለ።

ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ወደ እሜቴ ሜትር ቀና አለች።

«እኔ» አለች እሜቴ ሜትር።

«በየትኛው እጅሽ?»

በክፋት አልጠየቃትም፤ ገርሞት ነው። እሷም አልተቆጣችም። የሚንቀጠቀጠውን እጇን ደብቃ አታውቅም ማለት አይቻልም፣ ሁለት ዓመት ከራሷም ጭምር ደብቃዋለች፤ አሁን ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ተወችው።

«እጄን ተወው ጋሼ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ወንድሟ ጥቂት አያት። በአጠገቡ ጨርቅ ነበር፤ አላጣጠፈውም። ወደ ሾፌሩ ዞረና «ለቀሩት ጓደኞችዎ ይንገሩልኝ» አለው፤ «ሰኞ ይምጡና ቆራጯ ትለካቸዋለች።»