ካራ ግድግዳ ላይ የቀረው ስሜ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሕይወት፣ መሪ ሰፈር ካለው ቤታቸው እየበረረች መጣችብኝ። በላቦራቶሪ ተመርቃ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን ካለፈች ወር አልሞላትም፤ አንድ ክሊኒክ ሊቀጥራት ነው። "የምስክር ወረቀቱን ኦርጅናል አምጪ ብለውኛል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል" አለችኝ። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ያንኑ ወረቀት በሁለት እጄ ያስረከብኩ ቂል እኔ ነበርኩ።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ የግል የጤና ኮሌጆች መገናኛ ዙሪያ እንደ አሸን የፈሉበት ሰሞን። ፈተናውን መጀመሪያ ስወስድ ወደቅኩ። የጣለችኝ ፈታኝ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ፣ "ቱቦው ላይ የሰውየውን ስም ሳትጽፊ ደም ቀዳሽ። አሁን ይሄ የማን ደም ነው?" አለችኝ። ለአንድ ስም ብላ! ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንጦጦ ዳገት ሥር ያለው ቤታችን እስክደርስ ስረግማት ሄድኩ። እናቴ የቀቀለችልኝን ድንች እንኳ አልነካሁም። በሁለተኛው አለፍኩ።

ካራ ያለ አንድ ክሊኒክ ቀጠረኝ። ባለቤቱ አቶ ግዛቸው ሐኪም አልነበረም፤ ነጋዴ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳውን ስለሆነ፣ ዋናውን የምስክር ወረቀቴን ተቀብሎ በመስታወት ፍሬም ሰቀለው። ውጤት ላይ የሚመታ፣ ስሜ ያለበት ማኅተም፣ ቲተርም አሠራልኝ። እኔም ኮራሁ፤ እናቴን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ አምጥቼ ወረቀቱ ላይ ያለውን ፎቶዬን አሳየኋት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ፋሲካ ሰሞን "ሥራ ቀዝቅዟል" ብሎ አሰናበተኝ። ወረቀቴን ስጠይቀው "ሰሞኑን ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ነገ ነይ" ይለኛል። ነገ ነገ ሲል ሐምሌ ገባ።

አንድ ቀን መገናኛ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ካፊያ እየመታኝ ቆሜ ሳለሁ፣ ካራ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘይነባ ክንዴን ያዙኝ።

"ባሌን ስኳር የለብህም ብለሽ ሰደድሽው። ይኸው ራሱን ስቶ ወድቆ ሆስፒታል ተኝቷል።"

የውጤቱን ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ። ቀኑ የዚያው ሳምንት ነው፤ ቲተሩ የእኔ።

"እኔ እኮ ከፋሲካ ወዲህ እዚያ አልሠራም" አልኳቸው።

"ስምሽ ነው፤ ፎቶሽም ተሰቅሏል" አሉኝ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሰልፉን ትቼ የካራን ታክሲ ያዝኩ። ግዛቸው እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ በቆሎ ይግጣል። ላቦራቶሪው በር ላይ ጋውን የለበሰች አዲስ ልጅ ቆማለች። ለፈተናው ተቀምጣ እንደማታውቅ ኋላ ከራሷ ሰማሁ።

"ወረቀቴን" አልኩት።

"ወረቀት እኮ ነው። እሷም ያንቺኑ ሥራ ነው የምትሠራው፤ ምን ያንጨረጭርሻል?"

"በእኔ ስም የሰው ባል ልትገድሉ ነበር።"

"ሞተ እንዴ?" አለና በቆሎውን ገለበጠው።

አግዳሚው ላይ ወጥቼ ፍሬሙን አወረድኩ። በሌላኛው ጫፍ ያዘው። ስንጓተት መስታወቱ ተሰብሮ መዳፌን ቆረጠኝ፤ አልለቀቅኩም። ልጅቷን "ተፈትነሻል?" አልኳት። "አልተፈተንኩም" ብላ ቲተሩን አንገቷን ደፍታ ሰጠችኝ። ታካሚዎቹ ሁሉ ሰምተዋል። ሁለቱ ተነሥተው ወጡ፤ የቀሩት ተራቸውን ጠበቁ። በእነሱም ከግዛቸው ባላነሰ ተናደድኩ።

"አክስቴ፣ ሥራው ያመልጠኛል" አለችኝ ሕይወት፣ ይህን ሁሉ ሰምታኝ ስታበቃ።

"ያምልጥሽ። ኮፒውን ስጫቸው፤ ካልበቃቸው ይቅርባቸው።"

ሣጥኔን ከፍቼ የእኔን አወጣሁላት። ጠርዙ ላይ ያለውን ቡናማ ነጠብጣብ በጣቷ ነካካችው።

"ይሄ የማን ደም ነው?"

ያቺ ፈታኝ ትዝ አለችኝ። እርግማኔን ካነሣሁላት ቆይቷል፤ የግዛቸውን ግን አላነሣሁም፣ አላነሣምም።

"ስሙ ተጽፎበታል" አልኳት፤ "አንብቢው።"