በማር የተዛመደችን ሴትዮ

መካነ ሰላም ላይ የያዙኝ በገበያ ቀን ነው። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የጤፍ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳውን የእህል ሽታ አልለቀቀውም። አገሩ በረሃብ እያለቀ እኛ ጤፍ ስናሸት መዋላችን አሁን ሳስበው ያስቃል። ያኔ ለመሳቅም አቅም አልነበረንም።

ጥፋቴ መናገር ነው። በረሃብ የተፈናቀሉ በሰፈሩበት መጠለያ ቁስል አጣቢ ነበርኩ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ገበያ ለገበያ እየዞርን፣ "ልጆቻችሁን ለደላላ መኪና አትስጡ፣ ለማሳደግ አይደለም፣ ለመሸጥ ነው የሚወስዷቸው" እንል ነበር። ለውጥ መጣ ሲባል የሚሰማን ያለ መስሎን። ሕዝብ አነሳስታችኋል ተባልን።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት የገጠር እናት ቀድመውኝ ነበሩ። የሰባት ዓመት ልጃቸውን ከሞት ትትረፍልኝ ብለው ለአንዲት የደሴ ሴትዮ ሰጥተዋል። ሴትዮዋ ሽማግሌ ፊት ጡቷን ማር ቀብታ ልጅቷን አጠባቻት። በእኛ አገር እንዲህ የጠባ ልጅ የጡት ልጅ ነው፤ ከወለዱት አይለይም። በኋላ እኔ ገበያ ላይ "ማሩ ማታለያ ነው" ስል ሰሙ። በሳምንቱ ልጅቷን የወሰደውን መኪና ጠብቀው መስተዋቱን በድንጋይ ሰበሩት፤ ታሰሩ።

"እትዬ፣ ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "የት እንዳለች ብቻ ባወቅሁ።"

ከቀናት በኋላ በሩ ተከፈተና ያችው የደሴ ሴትዮ ተገፍታ ገባች፤ እናትየው ወዲያው ለዩዋት። ልጅ ከሚያሰበስቧት ደላሎች ጋር ተጣልታ ነው አሉ። ተነስቼ አነቅኋት።

"ልጅቷን የት አደረግሻት?"

"የማላውቀውን አትጠይቂኝ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለት ቀን ጮህኩባት። ምንም አልወጣትም።

የሚሰጠን በቀን አንድ እፍኝ ንፍሮ ነበር፤ ለእሷ ገና አልታዘዘላትም። በሦስተኛው ቀን እናትየው ንፍሯቸውን ለሁለት ከፈሉ።

"ለእሷ?" አልኩ። ተናደድኩ።

"ልጄን አጥብታለች። እሷ ዋሽታ ይሆናል፣ እኔ ግን ከልቤ ነው የተዛመድኋት። ዘመዴ እያየችኝ ብቻዬን አልበላም።"

ሴትዮዋ ንፍሮውን በመዳፏ ተቀበለች። ከዚያ፣ ማንንም ሳታይ፣ "ደሴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ" አለች። እናትየው ሦስት ጊዜ አስደገሟት። እርሳስ ክልክል ስለነበር እኔንም አስጠኑኝ።

ቀድሜ የተፈታሁት እኔ ነኝ። ደሴ ወረድኩ። የግቢዋ ባለቤት አልሰጥም ብላ ደጃፏ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፤ ጎረቤት ሲሰበሰብ አፍራ ለቀቀቻት። የልጅቷን እጅ የሳሙና ውሃ ቆርጦት ነበር።

"እናትሽ ናቸው የላኩኝ" አልኳት።

"የትኛዋ?" አለችኝ።

እናቷ እስኪፈቱ እኔ ጋ ቆየች። ሴትዮዋ በዚያው ክረምት እዚያው ክፍል ውስጥ በተስቦ ሞተች።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ልጆች እንዳይሸጡ በሚከራከር አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ አሁንም እመላለሳለሁ። ወጣቶቹ የደላላ አፍ እንዴት እንዳስከፈትኩ ይጠይቁኛል። እኔ አላስከፈትኩም እላቸዋለሁ፤ እኔ አንቄያት ነበር። ያን ቁጣ እስካሁን ይዤው አለሁ፣ ደክሞኛልም።

እናትየው ተፈትተው የመጡ ቀን ነጠላቸውን ለሴትዮዋ ሐዘን አዘቅዝቀው ነበር። ልጃቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው የልጅቷንም ነጠላ አዘቀዘቁላት።