ከሥርጉት የተደበቀው መርዶ

ሥርጉት የቢቸና ልጅ ናት። የንፍፊት ካንሰር የያዛት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። አዲስ አበባ ተኝታ ታከመች፤ ፀጉሯ ረግፎ፣ ሰውነቷ አልቆ ከረመችና ዳነች። ስትመለስ ጎረቤቱ በእልልታ ተቀበላት፤ እናቷ ወይዘሮ አሰጋሽም የተሳሉትን ዣንጥላ ለማርያም አስገቡ። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ስለ በሽታው ማንሳት ነውር ሆነ።

ሥርጉት ግን አንገቷንና ብብቷን ስትዳብስ ትውላለች። ጉንፋን ሲይዛት ሞቷን ታስባለች።

"እማዬ፣ ይመለስብኛል ብዬ እፈራለሁ።"

"በአፍሽ አትጥሪው! ምን ያሟርትሻል?"

የልቧን የምትነግረው ለማርያማዊት ብቻ ነበር። ማርያማዊት የሞጣ ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ አልጋቸው ጎን ለጎን ነበር። ወደየቤታቸው ከተሸኙ በኋላም በስልክ ያወራሉ።

"ዛሬስ ፈራሽ?"

"ፈራሁ።"

"እኔም" ይባባሉና ይሳሳቃሉ።

ሐምሌ ላይ የማርያማዊት ስልክ የሚያነሳው ጠፋ። አሰጋሽ "ኔትወርክ ይሆናል" አሉ። መስቀል እንዳለፈ ሥርጉት ማንንም ሳታማክር አውቶቡስ ተሳፍራ፣ በደብረ ወርቅ አድርጋ ሞጣ ወረደች። ቤቱን ጠያይቃ አገኘችው። የከፈቱላት ከሆስፒታል የምታውቃቸው የማርያማዊት እናት፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ጥቁር ለብሰው ፀጉራቸውን ተላጭተዋል።

"ሐምሌ ላይ ቀበርናት። ለእናትሽ ደውለን ነበር። አልነገሩሽም?"

ሥርጉት ደጃፉ ላይ ዘፍ አለች። ይርጋነሽ ገና ያቆጠቆጠውን ፀጉሯን ትኩር ብለው አዩት።

"አንቺስ በምን ተረፍሽ?"

በክፋት አልነበረም።

ቢቸና እንደተመለሰች እናቷን ጠየቀቻቸው። "ለምን ደበቅሽኝ?"

"ላንቺው ብዬ ነው። ገና ከበሽታ ተነስተሽ፣ እንዳትሰበሪ።"

"አልቅሼ እንኳ እንዳልቀብራት?"

አሰጋሽ ተነስተው ጓዳ ገቡ።

እንቅልፍ ስታጣ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ የሕክምና ወረቀቷን አይታ፣ "ነፃ ነሽ እኮ! ተመስገን በይ እንጂ" አለችና ቫይታሚን ሰጥታ ሸኘቻት።

ኅዳር ላይ ይርጋነሽ ደወሉ። "እህል ትበያለሽ?" አሏት። ከዚያ ወዲህ ይደዋወላሉ። አንዳንዴ "ማርያማዊት" ብለው ሲጠሯት አታርማቸውም።

አንድ ቀን ሥርጉት፣ "እትዬ፣ እኔ እፈራለሁ" አለቻቸው።

"የኔም ልጅ እንዲሁ ትለኝ ነበር። እኔ ግን ዝም አሰኛት ነበር" አሉ ይርጋነሽ። "በይ ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ።"

ሥርጉት መናገር ጀመረች። ጓዳ የነበሩት አሰጋሽ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት።