ድንቡሼ ጥንዚዛዋና አንበጣ የመጣ ዕለት

ልጅ ሳለሁ በስድስት እግር የሚሄድ ፍጥረት ሁሉ ያስፈራኝ ነበር። ቤታችን ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከማሽላ ማሳችን ጫፍ ላይ ነበረች፤ ያኔ ክረምት ሲገባ፣ አመሻሹ ላይ ኩራዙ ሲለኮስ፣ ጥንዚዛው፣ የእሳት ራቱ፣ ክንፋሙ ምስጥ ሁሉ ብርሃኑን ተከትሎ እየገባ ከግድግዳው ጋር እየተላተመ ይወድቅ ነበር። አንዱ አንገቴ ላይ ካረፈ ጩኸቴ ጎረቤት ይሰማል። አባቴ ይስቅብኛል። የአባቴ ታላቅ እህት እቴ ዘሀራ ግን አትስቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር የምትኖር፣ ረጅም፣ ድምጿ ማሳ ተሻግሮ የሚሰማ ሴት ነበረች። ጥንዚዛውን በሁለት ጣቷ አንስታ ደጅ ትለቀውና «ሂድ፣ ልጄን አታስደንግጥ» ብላ ትመለሳለች።

አራተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ለክረምት ሲዘጋ መምህራችን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ አዋሱኝ። ሽፋኑ ላይ ቀይ ካባ የለበሰ ጉንዳን ነበረ። ውስጡ በምዕራፍ በምዕራፍ የተከፈለ ታሪክ ነው፤ ተራራ የሚያነሳ ጉንዳን፣ ግድግዳ አልፋ የምታይ ንብ፣ ደመና የሚዘል ፌንጣ፤ ሁሉም ጀግኖች ናቸው፤ ሁሉም ከተማ ያድናሉ። ምዕራፉ ሲያልቅ አንዱ ሁልጊዜ ገደል አፋፍ ላይ ይንጠለጠላል። እቴ ዘሀራ ፊደል ስላልቆጠረች ማታ ማታ አንድ አንድ ምዕራፍ አነብላት ጀመር። እሷ በማሽላ አገዳ እሳት ዳር ተቀምጣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰች ታዳምጣለች፤ እኔ ጢሱ አይኔን እያስነባኝ፣ ኩራዙን ወደ ገጹ እያስጠጋሁ አነባለሁ።

በመጀመሪያው ማታ ምዕራፉን ስጨርስ፣ «ይሄ ጉንዳን ዘመድ የለውም እንዴ?» አለችኝ።

«ጀግና ነዋ፣ እቴ! ጀግና ብቻውን ነው።»

«ወላሂ፣ ብቻውን የሚሄድ ጉንዳን አይቼ አላውቅም። በይ አሁን ደግሞ የኔን ስሚ።»

የእሷ ጀግና ካባም የሚያምር ክንፍም የሚያኮራ ነገርም አልነበራትም። ድንቡሼ የምትባል፣ እበት እያድበለበለች የምታንከባልል ጥንዚዛ ነበረች። ከዞብል ተራራ አናት ላይ የነፋስ ቀዳዳ ተከፍቶ ሜዳችንን ሁሉ አሸዋ ሊያለብሰው ሲል፣ ቀዳዳውን ለመድፈን ድብልብሏን እየገፋች ዳገቱን ትወጣለች። አንገቷን ደፍታ፣ በኋላ እግሮቿ እየገፋች፣ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ስንት እንደቀራት አታይም። ግማሽ መንገድ ስትደርስ ድብልብሉ ያመልጣትና ተንከባሎ ከተራራው ሥር ይገኛል። ያኔ እቴ ዘሀራ መቆስቆሻውን ወደኔ ቀስራ ትጠይቀኛለች።

«ድንቡሼ ምን አለች?»

«ገና ነኝ!» እላለሁ፤ በኃይል ካላልኩ ተረቱ አይቀጥልም።

እንዲህ ክረምቱን አሳለፍነው። እኔ ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ፣ እሷ ከሆዷ አንድ ምዕራፍ። ድንቡሼ አንድ ማታ ጎርፍ ትገድባለች፣ ሌላ ማታ ከዋጃ ገበያ የጠፋች የምስጥ ልጅ ፈልጋ ታገኛለች። ጥንዚዛ መፍራቴ ግን አልቀረም። በተረት ውስጥ እወዳታለሁ፤ አንገቴ ላይ ስትወድቅ እጮሃለሁ።

የዚያ ዓመት ማሽላ ያማረ ነበር። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ከድቶን ስለነበር ከዚህኛው አዝመራ ሌላ የምንጠብቀው ነገር አልነበረንም። እሸቱ ጠንከር ማለት ሲጀምር፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከዞብል ተራራ በላይ ቡናማ ደመና ታየ። ዝናብ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወዲያው ማሳው ከማሳችን የሚዋሰነው ጎረቤታችን አያ ደምሴ ሲጮህ ሰማሁት።

«አንበጣ! ኧረ አንበጣ መጣ! ውጡ!»

አባቴ ጅራፉን ይዞ ሮጠ። እናቴ ሕፃኑን ወንድሜን አዝላ፣ የቆርቆሮ ሳህን ይዛ ተከተለችው። እኔ ወደ ቤት ገብቼ ከጎታው ጀርባ ተሸጎጥኩ። ውጪው ጨለመ። ጣሪያችን ላይ ደረቅ ዝናብ የመሰለ ነገር መንኳኳት ጀመረ፤ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ።

እቴ ዘሀራ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። ነጠላዋ ላይ ሁለት አንበጣ ተጣብቆ ነበር።

«ሰዓዳ፣ ውጪ።»

«እፈራለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔስ የማልፈራ መሰለሽ? ከነፍርሃትሽ ውጪ። ድፍረቱ እስኪመጣ ብንጠብቅ ማሽላው አይጠብቀንም።»

ባዶ የዘይት ቆርቆሮና ዱላ አስያዘችኝ። ወጣሁ። እያለቀስኩ ነው የወጣሁት። አየሩ ራሱ ክንፍ ሆኖ ነበር፤ ፀጉሬ ውስጥ ይገባሉ፣ ከንፈሬን ይመቱኛል፣ በእግሬ ስረግጣቸው ይንኮሻኮሻሉ። የማሽላው ራስ ሁሉ በእነሱ ክብደት ጎንብሶ ነበር፤ ሲበሉ ድምፃቸው ይሰማል። አባቴ በአንድ ወገን ጅራፉን ያጮሃል፣ እናቴ ሳህኗን ትቀጠቅጣለች፣ እቴ ዘሀራ በማሳው ዳር ርጥብ ቅጠል እያነደደች ጢሱን ወደ ማሳው ትነዳለች። እኔ መሃል ላይ ቆሜ አይኔን ጨፍኜ ቆርቆሮውን መታሁ። ክንዴ ሲዝል ዱላው ከእጄ ወደቀ። ልሮጥ ዞርኩ።

ያኔ ከጢሱ ውስጥ ያ ድምጿ መጣ።

«ድንቡሼ ምን አለች?»

ሁለት እርምጃ ሸሸሁ። ደግማ ጮኸች። ዱላውን አነሳሁና «ገና ነኝ!» አልኩ፤ አፌን ስከፍት አንድ አንበጣ ጥርሴን መታኝ፤ ተፋሁትና ደግሜ አልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጎናችን የነበረው ጩኸት ጸጥ አለ። ዞር ብዬ ሳይ የአያ ደምሴ ማሳ የቆመ አገዳ ብቻ ሆኗል፤ ቅጠልም ራስም የለው። አያ ደምሴ መሃሉ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሚስቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ፤ ሚስቱን እጇን ይዞ አስነሳት፤ ልጆቹን ጠራና የእሾህ አጥሩን በእግሩ ገፍቶ ወደ እኛ ማሳ ተሻገረ።

አባቴ ደነገጠ። «ደምሴ፣ ያንተስ?»

«አልቋል።»

«እንግዲያው ሂድ፣ ትንሽ እረፍ።»

«የኔ አልቆ ያንተም ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ልይ? በየት በኩል ልቁም?»

አባቴ ከማሳው በታች ባለው ወንዝ በኩል ያለውን ጥግ በእጁ አሳየው። አያ ደምሴና ሚስቱ ከነልጆቻቸው እዚያ ተደርድረው ቆሙ። እቴ ዘሀራ በጠየቀች ቁጥር አሁን የምንመልሰው ብዙ ሆንን፤ ድንቡሼ ማን እንደሆነች እንኳ የማያውቁት የአያ ደምሴ ልጆች «ገና ነኝ!» እያሉ ይቀጠቅጡ ነበር። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ዞረ። መንጋው እንደ ምንጣፍ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰሜን ተጓዘ። በወንዙ በኩል የነበረው ማሽላ ቀረልን፤ ከግማሽ ያንሳል፣ ግን ቀረልን። እቴ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» ልትል አፏን ስትከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ማሽላው በተወቃ ጊዜ አባቴ አውድማው ላይ እህሉን ለሁለት ከፈለውና አያ ደምሴን አስጠራው። «ይሄማ የልጆችህ ነው» ብሎ እምቢ አለ አያ ደምሴ። «የልጆችህም ነው» አለው አባቴ። «ማን እንዳተረፈው ያላየሁ መሰለህ?» ሲከራከሩ ቆዩና በመጨረሻ ሁለቱ ጆንያውን አብረው ተሸከሙት።

የእቴ ዘሀራ ድምፅ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ጢሱና ጩኸቱ ጉሮሮዋን ጎድተውት፣ ሹክሹክታ የመሰለ ሻካራ ነገር ቀረላት። እሳቱ ዳር ስንቀመጥ መተረክ ስለማትችል የእኔ ንባብ ብቻ ቀረ። ካባ ስለለበሰው ጉንዳን የሚተርከው መጽሐፍ ባለቀ ማታ መጽሐፉን ዘጋሁና «አለቀ» አልኳት።

«መጽሐፉ ነው እንጂ ነፍሳቱ አላለቁም» አለች በሹክሹክታ። «ቀጥይ።»

ፈራሁ፤ ግን ቀጠልኩ። ድንቡሼን ከአንዲት ክፉ የአንበጣ ንግሥት ጋር አጋጠምኳት። እቴ ዘሀራ እጇን አነሳች።

«ክፉ ናት? ለምን?»

«ማሽላ ትበላለቻ!»

«ርቧት ነው። ርቧት ይሆናል በይ። ርቧትም ቢሆን ግን ማሽላችንን አንሰጣትም። ሁለቱንም ተናገሪ።»

እነዚያን ሁለት ነገሮች በአንድ ተረት ውስጥ ማስገባት እንዴት እንደከበደኝ አስታውሳለሁ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ሞከርኩ። በማግሥቱም ሞከርኩ።

ዛሬ ቆቦ ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ስወጣ ለልጆች በምዕራፍ የተከፈለ መጽሐፍ እጽፋለሁ። ጀግናዋ ጥንዚዛ ናት። እያንዳንዱን ምዕራፍ መጀመሪያ የምትሰማው እቴ ዘሀራ ናት፤ አርጅታለች፣ ጆሮዋ ግን ይሰማል፤ ያልወደደችውን እጇን አንስታ ታስቆመኛለች። ረቂቁን ያየልኝ አንድ አሳታሚ ጥንዚዛዋን ቢራቢሮ አድርጊያት፣ እበት ለልጆች አያምርም አለኝ። እምቢ አልኩ። ደግሞ የአንደኛው ገበሬ ማሳ ሙሉ በሙሉ የሚበላበትን ምዕራፍ አውጪው፣ ልጆች ያዝናሉ አለኝ።

በዚህኛው ላይ ብዙ አሰብኩበት። ያዝናሉ፤ እውነቱን ነው፤ እኔም ስጽፈው አዝኛለሁ። አውጥቼ ሞከርኩት፤ ታሪኩ ቀለለ፣ ሁሉም ማሳ ተረፈ፣ ድንቡሼም አሸነፈች። ግን አጥሩን የሚሻገር ሰው አጣሁ። ያ ሰው ካልተሻገረ ደግሞ ከዚያ ቀን የቀረኝን ነገር ለልጆቹ የምነግርበት ሌላ መንገድ አላውቅም። ምዕራፉን ወደ ቦታው መለስኩትና ለአሳታሚው፣ ከነምዕራፉ ከሆነ ይታተም፣ ካልሆነ ሌላ አሳታሚ እፈልጋለሁ ብዬ ላክሁለት።