በአያ ሰይድ ሱቅ በር ላይ የተለጠፈው ሥዕል

እርጥብ ቄጠማ በሸተተኝ ቁጥር ያን ቀን ወረታ ከተማ ከሱቁ ደጅ የነበርነው ሁሉ ይታየኛል፤ ባለሱቁ አያ ሰይድ፣ ከውስጥ ስኳር በላስቲክ የምትቋጥረው ልጃቸውና የክፍል ጓደኛዬ ዘይነባ፣ ጎረቤታችን አያ ቢያድግልኝ፣ ጨው ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች፣ እና እኔ።

ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቀው እናቴ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ቄጠማ ታጭድ ነበር። ጳጉሜ ሲገባም በጀርባዋ አዝላ ገበያ ታወጣው ነበር፤ እጇ ለዓመቱ ይቀናል ስለሚባል የጎረቤቱን ቤት ሁሉ የምትጎዘጉዘው እሷ ነበረች።

ሦስተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አያ ሰይድ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፈው ነበር። አባት፣ እናትና ልጆች ጠርሙስ ከፍ አድርገው ይስቃሉ፣ ከእግራቸው ሥር ቄጠማ ተጎዝጉዟል። እኔ ነገር አጥብቄ የማይ ፈሪ ልጅ ነበርሁና፣ ሁለት የቄጠማ ዘንጎች ከአባትየው ጫማ ሥር ተመሳቅለው ሳይ «ውይ፣ መስቀል ረግጧል!» አልሁ።

አያ ቢያድግልኝ ቀና ብለው አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«አያ ሰይድ፣ ይኸን አውቀህ ነው የለጠፍኸው?»

«የሰጡኝን ለጠፍሁ እንጂ እኔ ሣልሁት?»

«እንግዲያ ካንተ ጨውም አልገዛ፤ ለገበያውም እነግራለሁ።»

ሴቶቹ የያዙትን ጨው መልሰው አስቀመጡ። በበዓል ዋዜማ እንዲህ ያለ ወሬ ገበያ ከገባ ሱቁ እንደሚዘጋ ልጅም ብሆን ገባኝ፤ እያለቀስሁ ወደ ቄጠማ ተራ ሮጬ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ሸክሟን አንሥታ መጣችና፣ ማሰሪያውን ፈትታ፣ ቄጠማውን በሙሉ ከአያ ቢያድግልኝ እግር ሥር በተነችው።

«በል አሳየኝ፣ ከዚህ ውስጥ ያልተመሳቀለው የቱ ነው? በየዓመቱ ስጎዘጉዝልህ ስትረግጠው ኖረህ፣ ዛሬ ወረቀት ላይ ሲሆን አመመህ? በል እግርህን አንሣ!»

አያ ቢያድግልኝ የእውነት አንድ እግራቸውን አነሡና የሚያሳርፉበት አጡ። «አንች ሴት፣ በዓሉን በአንድ እግሬ ልዋል ነው የምትይው?»

መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ፣ ከዚያ አያ ሰይድ፣ ኋላም ራሳቸው አያ ቢያድግልኝ ስቀው «በይ ዘይነባ፣ ስኳሬን አቀብይኝ» አሉ። እናቴ የበዓል ገበያዋን መሬት ላይ ትታ፣ አንዲት ዘንግ እንኳ ሳትለቅም፣ ቀና ብላ ሄደች። የእሷ ልጅ በመሆኔ ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት እስከ ዛሬ አልበረደም።

አሁን ልጆቼ በስልካቸው የበዓል ማስታወቂያ እያሳዩ «እማ፣ እዚህ ውስጥ የተደበቀ ምልክት አለ አሉ» ይሉኛል። ለልጆቼ ስለምፈራ አጥብቄ አያለሁ፤ ግን እንደ ያኔው አፌ አይቀድመኝም። ያኔ ወሬ በእግሩ ይሄድ ስለነበር እናቴ ሳይርቅ ደረሰችበት፤ የዛሬውን ማን ሮጦ ይይዘዋል?

ያን ቃል መጀመሪያ የተናገርሁት እኔ መሆኔን ዘይነባ አልሰማችም። ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔ ትምህርቴን ሳቋርጥ እነሱም ወደ ሐሙሲት ሄዱ፣ ሳልነግራት ቀረሁ። ዘይነባ ሰይድን የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንዳለችና ደኅና መሆኗን እባካችሁ ንገሩኝ።