ጥቁሩ የመቃብር ድንጋይ

ዋጊየም እንቢ ካለች እንቢ ናት። በእሳተ ገሞራው በሜራፒ ግርጌ ባለችው ሙንቲላን ውስጥ ይህን የማያውቅ ድንጋይ ጠራቢ የለም፤ ካለም አባቷ በሞቱ ሰሞን አወቀ።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ጥቁር ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በእኛ ዘንድ ሰው በሞተ በሺህኛው ቀን ተደግሶ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ይተከልለታል፤ የጠራቢን ድንጋይ የሚጠርበው ደግሞ ልጁ ነው። ወንድ ልጁ! ዋጊየም ግን ወንድም የላትም።

"እኔ እጠርበዋለሁ" አለች።

የአባቷ ታላቅ ወንድም ካርሶኖ፣ የጠራቢዎቹ አለቃ፣ በእኛ አጠራር ፓክዴ፣ ከት ብለው ሳቁ። "ይሁን፤ ከደቡብ ኮረብታ ነጩን ድንጋይ አስመጣልሻለሁ። ለስላሳ ነው፤ ለሴት እጅ የተፈጠረ።"

"አባቴ ጥቁር ሲጠርብ ነው የኖረው ፓክዴ። ጥቁር ነው የሚተከልለት።"

"አንቺ ልጅ፣ ጥቁሩ እኮ የእሳት ልጅ ነው! ሜራፒ ከሆዱ አቅልጦ የተፋው። ክንድሽን ይበላዋል።"

"ይብላው!"

ጎርፍ ከተራራው ያወረደውን አንድ ጥቁር ቋጥኝ ከወንዝ አስጎትታ ደጇ ላይ ጣለችው። ነጩን ታውቀዋለች፤ ባሕር ሥር የዛጎል ስብርባሪና ደለል እየተነባበረ የጠጠረ ስለሆነ ንብርብሩን ተከትለህ ብትመታው ይታዘዝሃል። ጥቁሩ ግን ንብርብር የለው፣ መግቢያ የለው! ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነገር ነው፤ ቀዳዳዎቹ እንኳ ሲፈላ አየር ታፍኖ የቀረባቸው ናቸው። መሮዋ ደነዘ፣ መዳፏ ተላጠ። የሰፈሩ ወንዶች በሞተር ሳይክል ሲያልፉ "ዋጊየም! ድንጋዩ ነው እንዴ የሚጠርብሽ?" ይሏታል።

እሷም ቀና ሳትል፣ "ማን ማንን እንደሚጠርብ ሚስቶቻችሁን ጠይቁ!"

ድግሱ ሲቃረብ ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ያን ቀን አለቀሰች፣ አልዋሽም። በማግስቱ ትልቁን ስባሪ አንስታ የአባቷን ስም መቅረጽ ጀመረች።

በድግሱ ዕለት ፓክዴ ያማረ ነጭ ድንጋይ አሸክመው መጡ። "የወንድሜን መቃብር በስባሪ አላዋርድም። ይሄ ይተከል!"

ዋጊየም ከዶሮ ሾርባው አጠገብ ግማሽ ሎሚ አነሳችና ነጩ ድንጋይ ላይ ጨመቀችው። ቸፍ ቸፍ እያለ አረፋ ደፈቀ። በራሷ ጥቁር ድንጋይ ላይ ስትጨምቀው ጠብታው ዝም ብሎ ወረደ። ይህን ፓክዴም ያውቁታል፣ ጠራቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ በፊታቸው ደፍሮ ያደረገው ግን አልነበረም።

"ባሕር በጥቂት በጥቂቱ የሠራውን ዝናብ በጥቂት በጥቂቱ ይበላዋል" አለች። "የሾርባ ሎሚ ያቃተው ድንጋይ የሜራፒን ክረምት ሊችል? የልጅ ልጆቼ የአባቴን ስም ማንበብ አለባቸው። ስባሪ ነው፤ የእጄ ሥራ ነው፤ ይተከላል!"

ራሷ ተሸክማ ተከለችው። የከለከላት የለም። ፓክዴ ግን ሩዙን ሳይቀምሱ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያም በሯን አልረገጡም።

ዓመታት አልፈው የድንጋይ ብናኝ የሚያመጣው የጠራቢ ሳል ፓክዴን አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ ዋጊየም ገንፎ ይዛ ሄደች።

"የኔን ድንጋይ ማን ሊጠርበው ነው?" አሉ። "ወንዶቹ ልጆቼ ጃካርታ ገብተው ቀሩ።"

"እኔ ነኛ! ነጩን ላስመጣልዎት? ለስላሳ ነው።"

ፓክዴ በሳላቸው መሃል ሳቁ።

"አንቺ ባለጌ!" አሉ። "ጥቁሩን።"