የማዳም ዘመድ

የብርቱካን ልጣጭ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጣፋጭም መራራም የሆነ። ትናንት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወርድ አንዷ ጎረቤቴ መስኮቷ ላይ አስጥታው አገኘሁና ቆሜ ቀረሁ። ልጆች «ያሳልፉን» ሲሉኝ ነው የነቃሁት።

ይህ ሕንፃ ሳይቆም በፊት እዚሁ ልደታ ግቢያችን ነበር። ጥጉ ላይ ማዳም ይኖሩ ነበር፤ አርመን ናቸው፣ ለግቢው ሴት ልጆች ሁሉ ቀሚስ የሰፉ። ልጣጩን እያደረቁ ሻያቸው ውስጥ ይጨምሩታል። ባልም ልጅም አልነበራቸውም። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ታመው ተኙ፤ አማርኛቸውም ጥሏቸው ሄደ። በልጅነታቸው ቋንቋ ብቻ ቀን ከሌት ይጣራሉ። አልፎ አልፎ ይጠይቋቸው የነበሩት አርመን ሽማግሌ ደግሞ ካረፉ ቆይተዋል። እማዬ «ሰው ያለ ሰሚ ይሞታል እንዴ?» እያለች እንባዋን ትጠርግ ነበር። እኔም ፈራሁ፤ ማዳምን እወዳቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ ከሕንድ የመጣ ዝምተኛ ወጣት፣ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዛፍ ሣለ። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ከጥቁር ባሕር በላይ ባለው ሜዳ፣ ፈረስና ጋሪ የነበራቸው ሰዎች አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ አለን። ሲበታተኑ ቋንቋው ልጆች ወለደ፤ እንግሊዝኛ፣ ፋርስኛ፣ የእሱ ሂንዲ፣ አርመንኛም።

«እኛስ ቲቸር?» አለ አንዱ አራዳ ከኋላ።

«እናንተ የሌላ ቤት ልጆች ናችሁ፤ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር።»

የጠመኔው ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ ጋሪዎቹ በረጅሙ ሣር ውስጥ እየራቁ ሲሄዱ ይታየኝ ነበር።

ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት። ነፍሷን ይማርና፣ እማዬ ዘመድ መቁጠር ከጀመረች ሰባት ቤትም አይበቃት። «ታዲያ ዘመዳቸው እዚህ አጠገባችን ተቀምጦ ነው እኛ የምንጨነቀው? ስንት ቤት ይራራቃሉ?»

«እማዬ፣ የሚዛመደው ቋንቋቸው ነው...»

«ቋንቋ ያለ ሰው ይዛመዳል?»

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ይዛው መጣች።

ማዳም እጁን አፈፍ አድርገው ይዘው ተናገሩ፣ ተናገሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «ምን አሉ?» አለች እማዬ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ «ምንም አልገባኝም» አለኝ። «ከተለያየን በጣም ቆይተናል።» እጁን ግን አላስለቀቀም። ጎንበስ ብሎ በራሱ ቋንቋ መለሰላቸው፤ ምን እንዳላቸው ዛሬም አላውቅም። ማዳም ከስንት ቀን በኋላ ጸጥ ብለው ተኙ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ በወጣ ቁጥር እየመጣ ያወራቸው ጀመር፤ አንዳቸው የሌላውን ቃል ሳይረዱ።

ማዳም ሲያርፉ ዕድሩ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተከለ፤ ቲቸርንም ከሐዘንተኛው ቦታ፣ ፍራሹ ላይ አስቀመጡት። በተሰባበረ አማርኛው «እኔ እኮ...» ሲል የዕድሩ ዳኛ «ዘመድ ነው ተብለሃል፤ አርፈህ ተቀመጥ ልጄ» አሉት። ሰው እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል፤ እሱ ራሱን እየነቀነቀ ይቀበላል። አንዲት አሮጊት አንገቱን አቅፈው ሲያለቅሱ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከእሱ አልጠበቅንም።

ጠጋ ብዬ «ቲቸር፣ ምነው?» አልኩት። እናቱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አርፈው ኖሯል፤ እሱ መርዶውን እዚህ ሆኖ በስልክ ሰምቶ፣ በማግስቱ ክፍል ገብቶ አስተምሮናል። ለማንም አልተናገረም። «ያጽናህ ያለኝ ሰው አልነበረም» አለኝ።

ለእማዬ ስነግራት ደረቷን ያዘች። ከዚያ ሄዳ አጠገቡ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና «እናትህ ማን ይባላሉ?» ብላ ጠየቀችው። ስማቸው እስኪያዝላት አስደገመችውና ሙሾ አወጣችላቸው። ሴቶቹም ከእሷ ተቀበሉ፤ ልደታን አይተው የማያውቁት እናት በስማቸው እየተጠሩ ተለቀሰላቸው። ቲቸር ፊቱን እማዬ ትከሻ ላይ ደፍቶ አብሯቸው ይጠራቸው ነበር።